አምስት ስም፣ አራት ቁጥር

በስደት በምኖርበት አገር፣ ቡሪየን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ስድስት አረጋውያን በሚኖሩበት አንድ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ጠዋት እገባለሁ፤ ሳይመሽ እወጣለሁ። አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አጎርሳለሁ። ቤቱ ለኤርፖርቱ ቅርብ ስለሆነ አውሮፕላን በጣሪያው ላይ ባለፈ ቁጥር መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ ይነካካሉ። አዲስ የሚገባ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ይደነግጣል፤ ከዚያ አይሰማውም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄን ያስተማርኩት በዚያ ሥራ ነው።

ሽማግሌው ወደዚያ ቤት የመጡት ባቡሩ እስከ ኤርፖርት መሄድ ከጀመረ ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ረጅም ነበሩ፤ መዳፋቸው እንደ ሰፌድ ሰፊ። አርባ ዓመት የቤዝቦል መልማይ ሆነው ሠርተዋል። ሥራቸው ከከተማ ከተማ እየዞሩ መቺዎችን መመልከት ነበር፤ መቺ የሚባለው የተወረወረለትን ኳስ በዱላ የሚመታው ተጫዋች ነው። የትኛው ይገዛ፣ የትኛው በማን ይለወጥ፣ ለየትኛው የስንት ዓመት ውል ይፈረም የሚለውን ለክለብ ባለቤቶች የሚመክሩት እሳቸው ነበሩ። ይህን የነገረኝ ያስገባቸው ልጃቸው ነው። እሳቸው የልጃቸውን ስም እንኳ ረስተው ነበር።

በቴሌቪዥን ጨዋታ ሲኖር ሶፋው ላይ አስቀምጣቸዋለሁ። አያዩም። ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ዱላው ኳሱን ሲያገኝ የሚወጣውን ድምፅ ይሰሙና ቁጥር ይናገራሉ። "አራት።" ትንሽ ቆይተው "ሁለት።" አንዳንዴ ደግሞ "አልቆለታል።" መጀመሪያ ነጥብ የሚይዙ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ጠየቅኳቸው።

"ምንድን ነው የሚቆጥሩት?"

"የቀረውን።"

"የቀረው ምን?"

"ጥሩ ዓመት ነዋ።" ዓይናቸውን አልገለጡም። "ሰው ሁሉ የሚያየው ያለፈውን ነው። ላለፈው ደግሞ የሚከፍል ሞኝ ብቻ ነው።"

ይህን ሲሉ ንግግራቸው የጤነኛ ሰው ነበር። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ምሳ በልተው እንደሆነ ጠየቁኝ። ሳህኑ ፊታቸው ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጨዋታ አልነበረም። ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ልብስ አጣጥፋለሁ። በቤቱ ካሉት አሮጊቶች አንዷ የሚደገፉትን ብረት ይዘው በኮሪደሩ አለፉ። ብረቱ ወለሉን ሲነካ ቋ ይላል፤ ቀጥሎ እግራቸው ይጎተታል። ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ ሆነው "ሁለት" አሉ።

ቀና ብዬ አየኋቸው። ዓይናቸው ተጨፍኗል።

አሮጊቷ በሁለተኛው ሳምንት ዐረፉ። ታመው ስለነበር አልገረመኝም። ጥቂት ቆይቶ ግን በዚያው ኮሪደር ሌላ ሰው ሲያልፉ፣ በጉልምስናቸው መርከብ ላይ ይሠሩ የነበሩ ጠንካራ ሰው፣ ሽማግሌው "አንድ" አሉ። አንድ ሳምንት ጠበቅኩ። ምንም የለም። አንድ ወር ጠበቅኩ። ሰውየው ይበላሉ፣ ይቀልዳሉ። ረሳሁት። በዓመቱ፣ በዚያው ሳምንት፣ ቁርስ ይዤላቸው ስገባ ቀዝቅዘው አገኘኋቸው።

ስለዚህ ቁጥሩ ይነገራል እንጂ የምን ቁጥር እንደሆነ አይታወቅም ነበር። ኮሪደሩን ሳልፍ ነጠላ ጫማዬን አውልቄ በካልሲ መሄድ ጀመርኩ።

ልጄ አንድ ናት። አባቷ የሞተው አራተኛ ክፍል ሳለች ነው። ታክሲ ነጂ ነበር፤ ጨዋታ ባለ ቀን ስታዲየሙ በር ላይ ተሳፋሪ ይጠብቃል። ጨዋታውን ሳያይ ከሚሳፈሩት ሰዎች ንዴትና ደስታ ውጤቱን ይረዳና ቤት ሲገባ ለእሷ ያወራላታል። እሱ ከሞተ በኋላ ወሬውን በቁጥር ፈለገችው። ደብተሮቿ ሁሉ ማን በማን ተለወጠ፣ ማን አተረፈ፣ ማን ከሰረ የሚል ነበር። ሒሳብ ተማረች። ስትመረቅ መሃል ከተማ አንዲት ትንሽ ቢሮ ተቀጠረች። ቢሮው በሌሎች ከተሞች ላሉ ክለቦች መቺዎችን እየገመገመ ይመክራል። የተቀጠረችው ለአንድ ዓመት ነው፤ ሥራዋን ካዩ በኋላ ቋሚ ያደርጓታል ወይ ያሰናብቷታል።

ኮሎምቢያ ሲቲ በሚባለው ሰፈር ካለው ቤታችን ወጥ ቤት ውስጥ ኮምፒውተሯን ከፍታ ታስረዳኝ ነበር።

"እማ፣ ሶ ይቺን መስመር እዪ። መቺ ሃያ ሰባት፣ ሃያ ስምንት ዓመቱ ላይ ጫፍ ይደርሳል። ሠላሳ አንድ ሲሆነው ውሉ አልቆ ነፃ ይሆንና ገበያ ይወጣል። ዋጋው የሚሰቀለው ያኔ ነው። ጉልበቱ ግን መውረድ ጀምሯል።"

"ታዲያ ለምን ይገዙታል?"

"ሌላው እንዳይገዛው።"

ሳቅኩ። "እኛ አገር በሬ ሲገዛ አፉን ከፍተው ጥርሱን ያያሉ።"

"የሰው ጥርሱ የት ነው እማ?"

"እግሩ ነው። እኔ ስሠራ የማየው እግር ነው።"

"የመቺ ግን ዓይኑና የእጁ አንጓ ነው። እሱን ደግሞ በቁጥር ማየት ከባድ ነው፤ ሲታይ ጊዜው አልፏል።"

እንደ ቀልድ ስለ ሽማግሌው የነገርኳት ያን ቀን ነው። ስለ ኮሪደሩ አልነገርኳትም፤ ስለ መቺዎቹ ብቻ። አልሳቀችም። ስለ ማን ስንት እንዳሉ ጠየቀችኝ። የማስታውሰውን ነገርኳት፤ ጻፈች። ከሳምንት በኋላ ፊቷ ሌላ ሆኖ መጣች።

"እማ፣ ያ ሰውዬ አንዱን ብቻ ነው የሳቱት።"

ከዚያ ወዲህ ስም ትልክልኝ ጀመር። ሾርባ ሳጎርሳቸው ስም እጠራለሁ፤ ሽማግሌው ቁጥር ይሰጡኛል። ጨዋታ መኖሩ አያስፈልግም ነበር። ስሙን ሲሰሙ ዱላው የሚሰማቸው ይመስል ጆሯቸውን ወደ እኔ ያዘነብላሉ። እኔም ክፉ ነገር ነው ብዬ አላሰብኩም። ሽማግሌው ደስ ይላቸዋል፤ ልጄም ደስ ይላታል።

በኅዳር አንድ ትልቅ ሥራ ሰጧት። ስሙ በየቦታው የሚጠራ መቺ ሠላሳ አንድ ዓመት ሞልቶት ገበያ ወጥቷል። ሩቅ ያለ አንድ ክለብ የስምንት ዓመት ውል ሊያስፈርመው ይፈልጋል፤ ይፈርም ወይስ ይቅር ብሎ የልጄን ቢሮ ጠየቀ። ክለቡ እሱን ትቶ ሦስት ሌሎች መቺዎችን በልውውጥ ማምጣትም ይችላል። ግምገማውን ለልጄ ሰጧት።

ስልክ የደወለችልኝ ወደ ሥራ ስሄድ ባቡር ውስጥ ነው።

"እማ፣ ቁጥሬ እኩል ለእኩል ነው። ግማሹ ግዙት ይላል፣ ግማሹ ሽሹ ይላል። ይህን ካበላሸሁ አያስቀሩኝም። አራቱን ስም ልንገርሽ፣ ዛሬ ጠይቂልኝ። ዋናውን መጨረሻ ላይ አድርጊው።"

ቦርሳዬ ውስጥ የነበረው ወረቀት አንድ ነው። የነቢያት ጾም ሊገባ ስለነበር ለጸሎት ለንስሐ አባቴ የምሰጠውን የክርስትና ስም ዝርዝር ጽፌበታለሁ። ሁሌም የመጀመሪያዋ ልጄ ናት። ወረቀቱን ገልብጬ በጀርባው የአራቱን መቺዎች ስም ልጄ እንደጠራችልኝ በአማርኛ ፊደል ጻፍኩ።

ምሳ ሰዓት ላይ ሽማግሌው ጎን ተቀመጥኩ። በአንድ እጄ ማንኪያ፣ በአንድ እጄ ወረቀት። የመቺዎቹ ስም ለእኔ ድምፅ ብቻ ነው፤ ትርጉሙን የማላውቀውን የግእዝ ጸሎት እንደምደግመው ነው የማነበው። የመጀመሪያውን ጠራሁ። ሽማግሌው አፋቸው ሙሉ ነበር፤ ዝም አሉ። ረስተውት ይሆናል አልኩና ሁለተኛውን ጠራሁ።

"ሦስት" አሉ።

ሦስተኛውን ጠራሁ።

"አምስት።"

አራተኛውን፣ ዋናውን ጠራሁ።

"ስምንት።"

ደስ አለኝ። ልጄን አሰብኩ። አገጫቸው ላይ የወረደ ሾርባ ልጠርግ ጎንበስ ስል ወረቀቱ በጣቶቼ መካከል ተገለበጠ፤ ዓይኔ ማንኪያው ላይ ነበር፣ ምላሴ ግን ማንበብ ለምዷል። በወረቀቱ ፊት መጀመሪያ ላይ ያለውን ስም ጠራሁት። የልጄን የክርስትና ስም።

አውሮፕላን እያለፈ ነበር። ብርጭቆዎቹ ተነካኩ። ድምፁ እስኪያልፍ ሽማግሌው ጠበቁ። ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡ፤ ስም ስጠራላቸው ዓይናቸውን ገልጠው አያውቁም።

"አንድ" አሉ።

ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩ። እጃቸውን ጠረግኩላቸው። ፊታቸውን ጠረግኩላቸው። ሌላ ምን እንደሠራሁ አላስታውስም።

ማታ ልጄን ስነግራት የአራቱን ብቻ ነገርኳት። የመጀመሪያውን አልመለሱም፣ ሁለተኛው ሦስት፣ ሦስተኛው አምስት፣ ዋናው ስምንት።

"ስምንት? እርግጠኛ ነሽ? ስምንት አሉ?"

"ስምንት አሉ።"

አቀፈችኝ። ልብሷ የዝናብ ሽታ ነበረው። አጥብቄ ያዝኳት፤ "እማ፣ አጥንቴ" እስክትል ድረስ። ሐሙስ ዕለት ግምገማዋን አስገባች፤ ለስምንት ዓመት ያስፈርሙት የሚል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወረቀቱን ለንስሐ አባቴ ሰጠኋቸው። አንብበው ገለበጡት። መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፉ።

"እነዚህስ እነማን ናቸው?"

"ኳስ መቺዎች ናቸው አባ።"

"ለኳስ መቺ ደግሞ ምን ብለን እንጸልይ? ይምታ ብለን?"

"ለጸሎት አይደለም፤ ተሳስቼ ነው አባ።" ከዚያ አለቀስኩ። ሰው ወጥቶ እስኪያልቅ ጠበቁኝና ወንበር ላይ አስቀምጠው ሁሉንም ሰሙኝ። ኮሪደሩንም ጭምር።

"ሰውየው ነገሩሽ ወይስ ጠየቅሻቸው?"

"መጀመሪያ ነገሩኝ። ኋላ ጠየቅኳቸው።"

"እዚያ ላይ ነው ጥፋትሽ። የነገሩሽ በእሳቸው ነው፤ የጠየቅሽው በአንቺ ነው። ጠንቋይ ቤት የሚሄድም መጀመሪያ የሚሄደው ለወሬ ነው።" ጣታቸውን ዘረጉ። "አምስት ስም ጠራሽ?"

"አምስት።"

"የተሰጠሽ ግን አራት ቁጥር ነው። አንዱ ስም መልስ አላገኘም ማለት ነው። የትኛው ነው?"

"የመጀመሪያው።"

"እንዴት አወቅሽ? አፋቸው ሙሉ ነበር አላልሽም? ውጠው ሲጨርሱ የመለሱት ለፊተኛው ቢሆንስ? ሦስቱ ለአንደኛው፣ አምስቱ ለሁለተኛው፣ ስምንቱ ለሦስተኛው። አንዱም ለዚያ ለዋናው። ከሆነ መልስ ያላገኘችው ልጅሽ ናት።" ከዚያ ጣታቸውን ሰብስበው ካባቸው ውስጥ ከተቱ። "ይኸው፣ እኔንም አስቆጠርሽኝ። ይቅር ይበለን። ስሚኝ ልጄ፣ ሁለት ነገር አዝሻለሁ። ሰውየውን ዳግመኛ አትጠይቂ። ቁጥሩንም አትቁጠሪ።"

ስግደት ሰጡኝ። የመጀመሪያውን ትእዛዝ ጠበቅኩ። ሁለተኛውን አልቻልኩም።

ክለቡ በታኅሣሥ መቺውን ለስምንት ዓመት አስፈረመ። ልጄ ቢሮ ኬክ ቆረጡላት። እኔ ያን ጊዜ የምቆጥረው ቀን ነበር። አንድ ቀን አልፏል፤ አንድ ሳምንትም አልፏል፤ አንድ ወር ሊሞላ ነው። መኪናዋን አስነስታ ስትሄድ መታጠፊያው ላይ እስክትሰወር መስኮት ላይ እቆማለሁ።

"እማ፣ በቀን ስምንቴ ነው ኮል የምታደርጊልኝ። ቢሮ ውስጥ ይስቁብኛል።"

"ይሳቁ።"

"ምን ሆነሻል?"

"ምንም።"

በአንድ ቃል ልገላገል እችል ነበር። ሽማግሌው እዚያው ናቸው፤ በየቀኑ አጎርሳቸዋለሁ። "አንድ" ያሉት የማንን ነው ብዬ መጠየቅ ብቻ ነበር። ሾርባ ይዤ ስቀመጥ ዓይናቸውን ጨፍነው ጆሯቸውን ወደ እኔ ያዘነብላሉ።

"ቀጥዪ" ይሉኛል።

"የለም፣ አልቋል።"

"አለ እንጂ።"

ሌላውን ሁሉ ይረሱታል። ይህን አልረሱም። ቁርስ ላይ፣ ካልሲ ሳጠልቅላቸው፣ ጸጉራቸውን ሳበጥር፣ "ቀጥዪ" ይላሉ፤ አፌን ዘግቼ በልቤ አቡነ ዘበሰማያት እላለሁ። አንድ ጊዜ እጄን ያዙኝ። እጃቸው ውስጥ የእኔ እጅ አይታይም። "አንብቢልኝ፣ ጥሩ አንባቢ ነሽ" አሉኝ። ከልጃቸው በላይ ያመኑኝ እኔን ነው፤ እኔ ደግሞ እፈራቸው ነበር። የጨዋታው ወቅት ሳይጀምር፣ በጾም መካከል፣ በጸጥታ ዐረፉ። ገላቸውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። መልሱ ከእሳቸው ጋር ሄደ።

በፋሲካ ሰሞን ልጄን ቋሚ አደረጓት። ጨዋታም ተጀመረ።

ያንን ዓመት እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ልጄ የመቺውን ጨዋታ ሁሉ ሳሎን ሆና ታያለች፤ እኔም አጠገቧ እቀመጣለሁ። ቤዝቦል ወደድሽ ብላ ትስቅብኛለች። እኔ የማስበው ይህን ነው፦ ይህ ሰው ካልወደቀ፣ "አንድ" የተባለው የእሱ አይደለም። የእሱ ካልሆነ የማን እንደሆነ አውቃለሁ።

እሱ ደግሞ አልወደቀም። በሕይወቱ እንደዚያ መትቶ አያውቅም አሉ። ኳሱ ከአጥር ባለፈ ቁጥር ልጄ ከሶፋው ትዘላለች፤ እኔ ነጠላዬን ፊቴ ላይ እስባለሁ። ከዚያ መጸለይ ጀመርኩ። ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ "ይሳት" እላለሁ። "አምላኬ ሆይ፣ ይሳት።" መቁጠሪያዬ እጄ ላይ ነው። ልጄ የእመቤታችንን ውዳሴ የምደግም ይመስላታል።

አንድ ቅዳሜ ካሜራው ወደ ተመልካቹ ዞሮ የመቺውን ሚስት አሳየ። ጭኗ ላይ ጸጉሯ በሁለት የተጎነጎነ ሕፃን ልጅ አለች። ሕፃኗ እጇን ታወዛውዛለች። እኔ አባቷ እንዲወድቅ እየጸለይኩ ነበር። ተነስቼ ወጥ ቤት ገባሁ፤ የታጠበውን ዕቃ እንደገና አጠብኩ። ግን ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ እንደገናም "ይሳት" አልኩ።

ይህንንም ተናዘዝኩ። ንስሐ አባቴ ብዙ አልተናገሩም። "ለእሱም ጸልዪለት" አሉኝ። አልኩት፤ ቃሉን አልኩት፤ ልቤ ግን አልነበረበትም።

ኅዳር ደረሰ። ዓመቱ የሚሞላበትን ቀን ፈቃድ ወስጄ ቤት ዋልኩ፤ ልጄንም ከሥራ አስቀረኋት። አሞኛል አልኩ። አልዋሸሁም፤ አሞኝ ነበር። አጥሚት ሠርታ አጠጣችኝ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስለ አንድ ልውውጥ አወራችኝ፤ ሁለት ያልበሰሉ ልጆች በአንድ የበሰለ። ትንፋሿን እየሰማሁ ዋልኩ። ቀኑ መሸ፤ ነጋም። ልጄ ጥርሷን እየፋቀች በራፌ ላይ ቆማ "ተሻለሽ?" አለችኝ። ተመስገን አልኩ። ግን አልተገላገልኩም፤ ምክንያቱም የምን አንድ እንደሆነ የነገረኝ የለም። ለመቺ ከሆነ አንድ ማለት አንድ ወቅት ነው። እሱም ገና አልወደቀም።

የወደቀው በጸደይ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ዱላው ዘገየ። ኳሱ ካለፈ በኋላ ይወዛወዛል፤ እንግዳ ከሄደ በኋላ እጅ እንደማንሣት ዓይነት። ሰውነቱ ሲሟሟቅ ይስተካከላል አሉ። አልተስተካከለም። በሰኔ የዓይኑ ነገር ነው አሉ፤ የአንጓው ነው አሉ። ልጄ ማታ ማታ መስመሯን እያየች ታመሻለች። መስመሩ እንደ ገደል ነበር።

እኔ ክብደት ጨመርኩ። እንቅልፍ ተኛሁ። ስልክ ስምንት ጊዜ መደወል ተውኩ።

በሐምሌ ክለቡ ከልጄ ቢሮ ጋር መሥራት አቆመ። በዚያው ሳምንት ቢሮው አሰናበታት። ሳጥን ይዛ ገባች፤ ሳጥኑ ውስጥ ኩባያና አንድ ጥንድ ጫማ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ "ሥራዬን አጣሁ" አለችኝ። እኔ ወደ ሥዕለ አድኅኖው ዞሬ ነበር፤ ፊቴ እንዳይታያት። ግን አየችው።

"እማ፣ ትስቂያለሽ?"

"አይደለም።"

"አይቼሻለሁ እኮ። ሥራዬን አጣሁ ስልሽ ሳቅሽ።"

ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋችው። ሳምንት ሙሉ በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር የምትመልስልኝ፤ ያውም "ኦኬ" ብቻ።

በፍልሰታ ጾም ያ መቺ ከክለቡ ጋር ለጨዋታ ወደ ከተማችን መጣ። ልጄ ሁለት ትኬት ገዛች። "በዓይኔ ላየው እፈልጋለሁ" አለች። ለምን እኔን እንደጨመረች አልጠየቅኳትም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ጸሎቱን ሳልጨርስ ከነነጠላዬ ሄድኩ። ከሜዳው ቅርብ ተቀመጥን። ከኋላችን ሁለት ጎረምሶች ቢራ ይዘው ሰውየውን ይጠሩታል።

"አያቴ ከአንተ ይሻላል!"

"አያትህ ስምንት ዓመት አልፈረመችም እኮ" አለው ጓደኛው።

"ገና ስድስት ዓመት ይቀርሃል፣ ስማ!"

ሰው ሳቀ። መቺው ራሱን አላዞረም። ሦስት ጊዜ ወጣ፤ ሦስቴም ሳተ። ሲመለስ በፊታችን አለፈ። ቴሌቪዥን ላይ ግዙፍ ነበር። ከቅርብ ሲታይ ጉንጩ ገብቷል። ዱላውን በግራ እጁ ተሸክሞ ቀኙን በብብቱ ሥር ደብቆ ነበር፤ ይህን ዓይነት አያያዝ በሥራዬ አውቀዋለሁ። የሚያም እጅ ነው። እያመመው የሚሠራ ሰው ነው።

ያኔ ነገርኳት። ዓይኔን ሜዳው ላይ አድርጌ ሁሉንም ነገርኳት፤ ኮሪደሩን፣ ወረቀቱን፣ አምስቱን ስም፣ አራቱን ቁጥር። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ይህ ሰው እንዲወድቅ ስጸልይ ነበር አልኳት። ስትሰናበቺም የሳቅኩት ለዚህ ነው አልኳት።

ከኋላችን ያሉት ይጮኻሉ።

"እማ፣ ሰውየው አንጓው ተሰብሮ ነው። በበረዶው ወራት ነው የተሰበረው። ደብቀውት ነበር። ቁጥር አይደለም።"

"ይሆናል።"

"ከእኔ ሥራና ከእኔ ሕይወት አንዱን መረጥሽ።"

"ከሰው እንጀራና ከአንቺ ሕይወት ነው የመረጥኩት። የማይመረጠውን ነው የመረጥኩት።"

አየችኝ። አባቷ ሲያዝን እንደዚያ ነበር የሚያየው፤ አንገቱን ሰበር አድርጎ። "አሁንስ? አሁንም ይሳት ነው የምትዪው?"

ያኔ መቺው ለአራተኛ ጊዜ ወጣ። ሰው ሁሉ ተነስቶ ይሳለቅበታል። ልጄ ጉልበቷን አቅፋ ጎንበስ አለች። ሥራዋን ያሳጣት ሰው ነው። በሹክሹክታ "ፕሊስ፣ ምታው" ስትል ሰማኋት።

እኔ መቁጠሪያዬን ፈለግኩ፤ ቤት ረስቼዋለሁ። እጄ ባዶ ነበር። አምላኬ ሆይ አልኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ቃል ካለፈው ዓመት ጀምሮ ምላሴ ለምዶታል፤ ሊወጣ ሲል ያዝኩት። ሌላውን ቃል አወጣሁት። ድምፄ ወጥቶ ልጄ እንድትሰማው አድርጌ።

"ይምታ። ይምታ፣ አምላኬ። የአንተ የሆነውን አንተ ታውቃለህ።"

ወርዋሪው ወረወረ። ዱላው ኳሱን ሲያገኝ የወጣው ድምፅ በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቅ ዓይነት ነበር፤ ደረቅ፣ ንጹሕ። ስታዲየሙ ሙሉ ዝም አለ፤ ጎረምሶቹም ዝም አሉ። ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ ላይ አድርጎ ኳሱን ይከተላል። ልጄ ተነስታ በጫማዋ ጫፍ ቆመች፤ አፏ ተከፍቷል።

ኳሱ የት እንደወደቀ አላየሁም። የሸሚዟን ጫፍ ይዤ እሷን እያየሁ ነበር።